ቁስል የሚሠራው ልጅና እኛ

ዛሬ የምንጽፈው ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ስለሚሆን ጉዳይ ነው፤ በአስፈሪ ፊልሞች ላይ የምናየውን የተቃጠለ ፊት፣ የተቆረጠ እጅና የሚንጠባጠብ ደም በሜካፕ ስለሚሠሩ ሰዎች። «ይህ ደግሞ ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። አንድ ወጣት ከመካከላችን ከሄደ በኋላ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣን።

ነገሩ የሆነው በዲማ ነው። ዲማን ለማታውቋት፣ በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን የምትገኝ፣ ሙቀቷ የሚያዝል፣ ወርቅ ፍለጋ ከየአቅጣጫው ሰው የሚመጣባት ከተማ ናት። በወረዳዋ የኦኩጎ የስደተኞች መጠለያ ይገኛል። እሑድ በአምልኮ ላይ አኙዋው፣ ከደጋ የወረደው ወርቅ ቆፋሪ፣ ነጋዴውና መምህሩ በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። የወጣቶች ኅብረታችን አንድ እሑድ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በድራማ አቀረበ። በወንበዴዎች ተደብድቦ በወደቀው ሰው ላይ ቁስሉን የሠራው አንድ የኅብረቱ ልጅ ነበር። ሶፍት፣ የተማሪ ኮላ፣ የፊት ፓውደር፣ የምግብ ቀለምና የስኳር ሽሮፕ ነው የተጠቀመው። ሥራውን የተማረው ከስልኩ ነው፤ ማታ ማታ በራሱ ክንድ ላይ እየሞከረ፣ እያጠበ፣ እንደገና እየሞከረ።

ቁስሉ እውነተኛ መሰለ። በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጠች አንዲት እናት ጮኸች። ልጇን በጥይት የተነጠቀች ሴት ናት። አስተናጋጆች ደግፈው አወጧት።

በሳምንቱ ልጁን ሽማግሌዎች ፊት ጠራነው። ስልኩን ሲያሳየን ፎቶዎቹ ላይ የበሰበሱ ፊቶች፣ ከመቃብር የወጡ የሚመስሉ ሰዎች ነበሩ። በአስፈሪ ፊልሞች ላይ መሥራት እንደሚፈልግ ሳይደብቅ ነገረን። እኛም «ይህ የጨለማ ሥራ ነው፤ ወይ ተወው፣ ወይ ከአገልግሎት ውረድ» አልነው። አንገቱን ደፍቶ ከቆየ በኋላ እንዲህ አለን፦ «አባቶች፣ እኔ የሠራሁት ቁስል ሐሰተኛ መሆኑን ለሁላችሁም አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ። ባለፈው ዓመት ድንኳን ውስጥ በፋሻ ተጠቅልሎ መጥቶ ተፈወስሁ ያለውን ሰውዬ ግን ቁስሉን አሳየን ያለው አልነበረም።»

መልስ አልነበረንም። እርሱ በሚዛን በኩል በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እኛም ወደ ቤታችን ገባን።

ሙያው ምንድን ነው?

ከዚያ በኋላ ሳናውቀው የፈረድንበትን ሙያ ለማወቅ ጥቂት ደከምን። ያገኘነውም አሳፈረን፤ ከታላላቆቹ ብዙዎቹ እንደዚያ ልጅ ራሳቸውን ያስተማሩ ናቸው።

ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን የታወቀው አሜሪካዊው ሎን ቼኒ እ.ኤ.አ. በ1883 ከመስማት የተሳናቸው ወላጆች ተወለደ። ከእናትና ከአባቱ ጋር በፊቱና በእጁ እየተናገረ አደገ። የኖትርዳሙን ጎባጣና በኦፔራ ቤቱ ሥር የሚኖረውን ፊቱ የተበላሸ ሰው ሲጫወት ሜካፑን የሠራው ራሱ ነው። ሰዎች በእነዚያ ፊልሞች ፈርተዋል፤ ግን አልቅሰውም ወጥተዋል፤ ምክንያቱም ከአስፈሪው ፊት በስተጀርባ የተገፋ ሰው ያሳያቸው ነበር።

ዲክ ስሚዝ ደግሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ስለ ሜካፕ የሚናገር አንድ መጽሐፍ አገኘ፤ በራሱ ፊት ላይ እየተለማመደ ሙያውን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 በቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። በ1973 በወጣው «ኤክሶርሲስት» በተባለው ፊልም ላይ ርኩስ መንፈስ የያዛትን ልጅ ፊት የሠራው እርሱ ነው። ነገር ግን በዚያው ፊልም የሠራው ሌላ ድንቅ ሥራ አለ፤ ብዙዎች አላስተዋሉትም። ሽማግሌውን ቄስ የተጫወተው ማክስ ፎን ሲዶ በዚያን ጊዜ በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ጎልማሳ ነው። ተመልካቹ ግን እውነተኛ አዛውንት ያየ መስሎት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የነካን የዚህ ሰው ልግስና ነው። በዘመኑ የሙያው ሰዎች ምስጢራቸውን ይደብቁ ነበር፤ እርሱ ግን ለማያውቃቸው ልጆች ለደብዳቤያቸው መልስ ይጽፍ፣ አሠራሩን ይገልጥላቸው ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሪክ ቤከር ነው። ቤከር በኋላ የሜካፕ ኦስካር እንደ መደበኛ ሽልማት ሲጀመር የመጀመሪያውን ወሰደ፤ በጠቅላላው ሰባት ኦስካር አግኝቷል። እንግዲህ አስቡት፦ ያ የፊልም ሰው ያልተወለደውን ልጅ በደብዳቤ አሳደገ። እኛ የጌታ አገልጋዮች ነን የምንለው ደግሞ በእጃችን ያደገውን ልጅ በአንድ ስብሰባ ሸኘነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያሳየናል?

«የሐሰት ቁስል መሥራት ማታለል አይደለምን?» ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም።

ዘፍጥረት 27ን ተመልከቱ። ርብቃ የፍየል ጠቦት ቆዳ በያዕቆብ እጅና አንገት ላይ አለበሰች። የታወረው ይስሐቅ ዳስሶ ዔሳው መሰለው። እንግዲህ ይህ ሜካፕ ካልተባለ ምን ይባላል? ዓመታት አለፉና ዘፍጥረት 37 ላይ የያዕቆብ ልጆች የዮሴፍን ቀሚስ በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው ላኩለት። በፍየል ቆዳ አባቱን ያታለለው ሰው በፍየል ደም በልጆቹ ተታለለ። ሁለቱም ኃጢአት ነበር። ለምን? ቆዳና ደም በመነካታቸው አይደለም፤ የሚያየው ሰው ሳያውቅ፣ ሊጎዳ ስለታሰበ ነው።

አሁን ደግሞ 1ኛ ነገሥት 20ን ክፈቱ። አንድ ነቢይ ቆስሎ፣ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ማንነቱን ደብቆ በመንገድ ዳር ንጉሡን ይጠብቃል። ከጦር ሜዳ የመጣ ወታደር መስሎ ታሪክ ይነግረዋል። ንጉሡ በታሪኩ ላይ ሲፈርድ ነቢዩ መሸፈኛውን ከዓይኑ ያነሣል፤ ያን ጊዜ ንጉሡ በራሱ ላይ እንደ ፈረደ ይገባዋል። ይህ ነቢይ የተደበቀው ሊገልጥ ነው። ደግሞም በዘጸአት 31 ባስልኤልን የእግዚአብሔር መንፈስ በእጅ ጥበብ እንደ ሞላው እናነባለን። እኛ መንፈስ ቅዱስን ለሰባኪና ለዘማሪ ብቻ ሰጥተን ባለ እጅ ጥበቡን በደጅ አቁመነዋል።

ስለዚህ መመዘኛው «የሚታየው ነገር እውነተኛ ነው ወይስ የተሠራ?» የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። ፊልም ቤት የገባ ሰው የሚያየው ደም ቀለም እንደሆነ ያውቃል፤ ከፊልም ሠሪው ጋር ተስማምቶ ነው የተቀመጠው። የታመመ ሆኖ ፈውስ ፈልጎ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ምስኪን ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ2019 በጆሃንስበርግ አንድ ፓስተር በሬሳ ሣጥን ውስጥ የተኛን ሰው ሲያስነሣ የሚያሳይ ቪዲዮ ዓለምን ሲያዳርስ፣ የቀብር አገልግሎት ድርጅቶች «ተታለልን፣ ስማችን ጠፋ» ብለው በሕግ እንደሚጠይቁ አሳወቁ። በዚያ መድረክ ላይ ሜካፕ አልነበረም፤ ሆኖም ከየትኛውም አስፈሪ ፊልም ይልቅ እርሱ ያስፈራናል። ጌታ ይፈውሳል፤ ይህን በዓይናችን አይተናል። ስለሚፈውስም የሐሰት ፋሻ አያስፈልገውም። ልጁ የጠየቀን ጥያቄ ትክክል ነበር። ይህን በአደባባይ መናገር ዕዳችን ነው።

ያልነገርነው ጥፋት

ይህን ስንል ግን «ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የፈለግኸውን ሥራ» ማለታችን አይደለም። አንድ ጥፋት ነበረ፤ እርሱንም ማንም አልነገረውም፤ እኛ ሌላ ክስ ይዘን ነበርና። ቁስሉ ሐሰተኛ መሆኑን የነገረው ለእኛ ለሽማግሌዎችና ለተዋንያኑ ነው። ለምእመኑ አልተነገረም። የነገሩ ጭነት ደግሞ ከእርሱ ይልቅ መድረኩን በፈቀድነው በእኛ ላይ ነው።

ጋምቤላ ውስጥ ደም ከሩቅ የሚታይ መዝናኛ አይደለም። ታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ የሆነውን የሚያስታውሱ ቤተሰቦች አሉን። ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች በክልላችን ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደዋል። በወርቅ ጉድጓድ መደርመስ ወንድሙን ያጣ ሰው በየአግዳሚው አለ። እንዲህ ባለ ጉባኤ ፊት የተከፈተ ቁስል ስታቀርብ ማን እንደተቀመጠ ማወቅ አለብህ።

አሜሪካዊው ቶም ሳቪኒ በቬትናም ጦርነት የሠራዊት ፎቶ አንሺ ነበር። እውነተኛ አስከሬን በካሜራው ሲያይ ቆይቶ ተመለሰና በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በአስፈሪ ፊልሞች ላይ ቁስል በመሥራት ስሙ ታወቀ። የሚሠራው እውነት የመሰለው አይቶት ስለነበር ነው። ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። የሐሰት ቁስል ሁሉ በስተጀርባው የአንድ ሰው እውነተኛ ቁስል አለ። ይህን የሚረሳ ባለ ሙያ ጨካኝ ይሆናል፤ የሚያስታውስ ደግሞ ርኅራኄ ይማራል።

ሌላም አለ። በፊልም ውስጥ ክፉው ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይደረግበታል። ልጆቻችን ይህን እያዩ ሲያድጉ ጠባሳ ያለውን ሰው መፍራት ይማራሉ። የብሪታንያ የፊልም ተቋም ይህን ተረድቶ፣ ፊታቸው የተጎዳ ሰዎች ባሰሙት አቤቱታ እ.ኤ.አ. በ2018 የጠባሳ ፊት የክፋት ምልክት ለሚሆንባቸው ፊልሞች ገንዘብ እንደማይሰጥ አስታውቋል። እኛም አገር ኖማ የሚባል በሽታ በምግብ እጦት የተጎዱ ሕፃናትን ፊት ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። ከዚያ በሽታ የተረፈ ሰው ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ከሰው ተደብቆ ይኖራል። የእርሱን ፊት አስመስሎ ሠርቶ «ጭራቅ» ብሎ የሚሸጥ ክርስቲያን ሊኖር አይገባም። ኢሳይያስ 52 እና 53 ስለ ጌታ አገልጋይ ሲናገር መልኩ ከሰው ሁሉ ይልቅ የተጎሳቆለ፣ ሰዎች ፊታቸውን የሚሰውሩበት አድርጎ ነው የሚያሳየን። የእኛ አዳኝ ሰው አይቶ ፊቱን ያዞረበት ነው።

ቁስል የሚሸፍን እጅ

ይኸው ጥበብ ሌላም አገልግሎት አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በፍንዳታ የፈረሰ ወታደሮች ብዙ ነበሩ። አና ኮልማን ላድ የተባለች አሜሪካዊት የቅርጻ ቅርጽ ባለ ሙያ በፓሪስ በቀይ መስቀል ሥር ሥራ ቤት ከፈተች። የወታደሩን ፊት በጄሶ ቀድታ፣ ከስስ መዳብ ጭንብል ሠርታ፣ ከቆዳው ቀለም ጋር እያመሳሰለች ትቀባው ነበር። ከቤት መውጣት ያቆሙ ሰዎች ወደ ቤተሰባቸው ተመለሱ። አንዱ እጅ ጤነኛውን ቁስለኛ ያስመስላል፤ ሌላው ቁስለኛውን ወደ ሰው መካከል ይመልሳል። እጁ የሚያውቀው ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ቆዳ፣ ቀለም፣ ጥላ።

ዛሬም በመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ላይ እንዲህ ያለ የተሠራ ቁስል ይጠቅማል። ሠልጣኙ በእውነተኛው ደም ፊት ከመቆሙ በፊት በሐሰተኛው ይለማመዳል፤ እንዳይደነግጥ፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ። ዲማ ውስጥ የወርቅ ጉድጓድ ሲደረመስ መጀመሪያ የሚደርሰው ሐኪም አይደለም፤ አብሮ የሚቆፍረው ጓደኛው ነው። ያንን ልጅ «ወጣቶቻችንን አሠልጥንልን፤ ቁስሉን አንተ ሥራ፣ ማሰሩን ነርሷ ታስተምር» ብንለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አላልነውም። የታየን አጋንንት ብቻ ነበር።

ለወጣቶቻችን

እንዲህ ያለ ሙያ የምትወዱ ወጣቶች ሆይ፣ እኛ የምንመክራችሁ ሦስት ጥያቄ እንድትጠይቁ ነው።

አንደኛ፦ የሚያየው ሰው የተሠራ መሆኑን ያውቃል ወይ? ካላወቀ፣ በመድረክም ሆነ በስልክ በሚላክ ቪዲዮ፣ ያ የያዕቆብ ቆዳ ነው።

ሁለተኛ፦ ሥራው የቆሰለውን ሰው ያከብራል ወይስ ይሣለቅበታል? መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ሞልቶታል፤ መሳፍንትና ራእይ ያነበበ ያውቃል። ግን በሰው ሥቃይ አይዝናናም። ጭካኔን የሚያጣፍጥና መናፍስት መጥራትን እንደ ጨዋታ የሚያለማምድ ፊልም ሲመጣ፣ ክፍያው ቢበዛም እምቢ ማለትን ተማሩ።

ሦስተኛ፦ ነፍሳችሁን ምን እያደረገ ነው? ፊልጵስዩስ 4፥8 ላይ ሐዋርያው የምናስበውን ነገር እንድንመርጥ ይመክረናል። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ጸሎት ከከበዳችሁ፣ የእውነተኛ ሰው ደም ስታዩ ልባችሁ ካልራራ፣ ቆም በሉ። አንድ የሥጋ ምክርም እንጨምር፦ ያገኛችሁትን ሙጫ ሁሉ ፊት ላይ አትቀቡ፤ ቆዳ የሚያቃጥል አለ፤ መጀመሪያ በክንዳችሁ ጥቂት ሞክሩ፤ ከዓይን አርቁ።

ሕዝቅኤል 37ንም አስታውሱ። ነቢዩ የደረቁ አጥንቶች ሲገጣጠሙ፣ ጅማት ሲወጣባቸው፣ ሥጋ ሲለብሱ፣ ቆዳ ሲሸፍናቸው አየ። እስትንፋስ ግን አልነበረባቸውም። የሰው እጅ ጥበብ ቢበዛ ቆዳ በሚመስል ነገር ያበቃል። እስትንፋሱ ከእግዚአብሔር ነው። ይህን የሚያውቅ ባለ ሙያ በሥራው አይታበይም፤ በፊልሙም ጭራቅ አይሸነፍም።

ለእኛ ለሽማግሌዎች

ልጁ ከሄደ ከብዙ ወራት በኋላ ስልክ ደወልንለት። አነሣ። አዲስ አበባ በሰው ቤት ተጠግቶ ለሠርግ ሜካፕ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ለአጫጭር ፊልሞች ይጠሩታል። ይቅርታ ልንጠይቅ ነበር የደወልነው፤ ቃሉ ከአፋችን ሳይወጣ እርሱ ቀደመን፦ «ፓስተር፣ ያቺ እናት ግን እንዴት ናቸው?»

ደነገጥን። በእርሷ ስም ልጁን ከሰን፣ በእርሷ ስም አባረን፣ ለካ እኛ ራሳችን ቤቷ ሄደን አልጠየቅናትም።

በማግስቱ ሄድን። ቡና አፈላችልን። ስለዚያ እሑድ ስንጠይቃት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፦ «ደሙን ሳየው ልጄ ታየኝ፤ እውነት ነው ጮኬአለሁ። ግን ይዛችሁኝ ወጣችሁ። ሳምራዊው ሲመጣ ሳላይ ቀረሁ» አለችን።

ወገኖች፣ ይህን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክመነዋል። ቤተ ክርስቲያን ቁስል እንዳይታይ ስትቸኩል ሳምራዊውንም ትሸፍናለች። በወደቀው ሰው አጠገብ ያለፉት ካህኑና ሌዋዊውም ያዩት ቁስሉን ነበር።

ድራማውን እንደገና ልናቀርብ አስበናል። በዚህ ጊዜ ለምእመኑ አስቀድመን እንናገራለን፤ ማየት የማይፈልግ በደጅ ይቆያል፤ እናታችን ግን ከፊት እቀመጣለሁ ብላናለች። ቁስሉን እንዲሠራልን ልጁን ለምነነዋል። «አስብበታለሁ» ነው ያለን። እንዲያስብበት ጊዜ ልንሰጠው ይገባል። በጸሎታችሁ አስቡን፤ በየአጥቢያችሁም እንዲህ የሄደ ልጅ ካለ ዛሬውኑ ደውሉለት።